ባለቤት የጠፋባቸው ቤቶች

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2008 ላይ፣ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ባለችው ክሊቭላንድ ከተማ ፍሊት ከሚባለው ጎዳና ገባ ብላ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት በረንዳ ላይ ቆሜ ኮምፔርሳቶ እለካ ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ነገሩ ያለቀው በእነሱ ወረቀት ላይ ነውና።) ብርዱ ጓንት አልፎ ጣት ይቆረጥማል። ሃያ ዓመት በአናጢነት የሠራው አለቃዬ የየመስኮቱን ቁመትና ወርድ በኢንች እየደመረ ይጠራልኛል። የሚከፈለን በዚያ ልክ ስለነበር አንዲት ኢንች አይስትም። እኔ እጽፍና እቆርጣለሁ፣ እሱ በድሪል ያስረዋል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቤቷ ዓይኗን ጨፈነች።

ከጎረቤት አንዲት አሮጊት በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወጡ። በልቤ እማማ እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ ያኔም ዛሬም። «ባለቤቱ ማን ነው?» አሉኝ። «ሦስት ሌሊት ሙሉ ምድር ቤቱ ውስጥ ውሃ ሲፈስ ስሰማ ነው ያደርኩት። ለማን ልናገር?»

የሥራ ማዘዣዬን አየሁት። አድራሻ አለ፣ ረጅም ቁጥር አለ፣ የላከን ድርጅት ስም አለ። ያ ድርጅት ሥራውን ከሌላ ድርጅት የወሰደ ነው፣ ያኛውም ደግሞ ከሌላ። የሰው ስም ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም። «አላውቅም» አልኳቸው። እሳቸውም በትዕግሥት፣ ልጅ እንደሚመክር ሰው፣ «እንግዲያው ማን ላከህ?» አሉኝ። ለዚህም መልስ አጣሁ።

ባገራችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እዚያ ሰፈር ግን የሚናቅ ባለቤት እንኳን አልነበረም፤ አጥሩ የተነቀነቀውም፣ መስኮቱ የተሰበረውም፣ ቧንቧው የተነቀለውም ለዚህ ነው። ባለቤት ስንል የቤቱን ጌታ ማለታችን ነው፣ ባልንም ሚስትንም ማለታችን ነው፣ ሰዋስው ስንማር ደግሞ ድርጊቱን የሚፈጽመው ባለቤት ይባላል። በሦስቱም ፍቺ ስወስደው እነዚያ ቤቶች ባለቤት አልነበራቸውም። የክሊቭላንድ ከተማና ከተማዋን የያዘው የካያሆጋ ካውንቲ ሹማምንት በባዶ ቤቶች ላይ ያደረጉትን የዓመታት ትግል ሰው ሁሉ የማፍረስ ታሪክ አድርጎ ያወራዋል። ሦስት ክረምት ቤት ስዘጋ ኖሬ፣ ከዚያም ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር መሀል ከተማ ካለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ የቆዩ ጋዜጦችንና የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን ሳገላብጥ የገባኝ፣ ነገሩ ከላይ እስከ ታች ባለቤት ፍለጋ እንደነበረ ነው።

ሰፈሩ ስላቪክ ቪሌጅ ይባላል። ስሙ እንደሚነግረን የስላቮች መንደር ነው፤ ፖሎችና ቼኮች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደ ብረት ፋብሪካው እየጎረፉ የሠሩት። በ1882 የክሊቭላንድ ሮሊንግ ሚል ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ኩባንያው በእነሱ ቦታ ያስገባው ከመርከብ የወረዱትን እነዚህን ስደተኞች ነበር። አመጣጣቸው እንዲህ መራራ ነበር። ሆኖም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1891፣ የቅዱስ እስታኒስላውስን ቤተ ክርስቲያን ያንን የሚያህል አድርገው ሠርተው ጨረሱ። በፋብሪካ ጭስ መካከል ቆሞ ያየሁት ቀን አንገቴን ወደ ላይ ቀልብሼ ብዙ ቆይቻለሁ። የቀን ሠራተኞች ናቸው እኮ የሠሩት።

ቤቶቻቸውም እንደዚያው በላብ የተሠሩ ናቸው። ፊታቸው ጠባብ፣ ወደ ኋላ ረዘም ያሉ የእንጨት ቤቶች፤ በአንዱ ቤትና በሌላው መካከል ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። አባት ፊት ለፊት ይሠራል፣ ልጅ ሲያገባ ከጓሮ ሌላ ትንሽ ቤት ይቀጠላል። ገንዘብ የሚበደሩት ቋንቋቸውን ከሚናገር ከሰፈር የቁጠባ ተቋም ነበር። በ1938 ብሮድዌይ ጎዳና ላይ የተከፈተው ሰርድ ፌደራል የሚባለው ባንክ ዛሬም ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ሰፈር ነው። አበዳሪው ባለዕዳውን እሑድ ቅዳሴ ላይ ያገኘዋል፤ ወር ቢያልፍበት ምን እንዳጋጠመው ያውቃል። ዕቁብ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ከዚያ ከተማዋ መድረቅ ጀመረች። በ1950 የክሊቭላንድ ነዋሪ 914,808 ነበር፤ በ2000 ግን 478,403 ብቻ ቀረ። ነጮቹ አዳዲሶቹን አውራ ጎዳናዎች ተከትለው ወደ ዳር ወጡ፣ የብረት ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ እየቀነሱ ሄዱ፣ ኤል ቲ ቪ የሚባለው ግዙፉ የብረት ኩባንያም በ2000 መጨረሻ ከሰረ። ስለዚህ ባዶ ቤት ለከተማዋ አዲስ አልነበረም። ግብር ያልተከፈለባቸውን ባዶ ቦታዎች ተረክባ የምታስቀምጥበት የራሷ የመሬት ባንክ ከ1976 ጀምሮ ነበራት። በዚህ ረገድ ሴንት ሉዊስ ትቀድማታለች፣ የሷ በ1971 ነው የተቋቋመው። ግን እነዚህ ሁሉ ቀስ እያለ ለሚመጣ ችግር የተበጁ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው ግን ቀስ አላለም።

ያ ዘመን ደላላ በር እያንኳኳ ብድር የሚያከፋፍልበት ዘመን ነበር። ብዙዎቹ ብድሮች ቤት መግዣ እንኳን አልነበሩም። ቤቱን ከፍላ የጨረሰች መበለት ጣሪያ ልታሳድስ ወይም የመስኮት ዕዳ ልትከፍል ትፈርማለች። ወለዱ ለሁለት ዓመት ዝቅ ይላል፣ በሦስተኛው ዓመት ሽቅብ ይወጣል። የተፈረመበት ወረቀት በሳምንታት ውስጥ ይሸጣል፣ ከሺዎች ጋር ተጠርዞ እንደገና ይሸጣል፣ በመጨረሻ የክሊቭላንድን ካርታ አይቶ የማያውቅ ባለገንዘብ እጅ ይገባል። ደላላው ኮሚሽኑን ይዞ ሄዷል። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኝሽ አበዳሪ የለም።

ይህን ቀድመው ካዩት አንዱ የካውንቲው ገንዘብ ያዥ ጂም ሮካኪስ ነበር። የግሪክ ስደተኞች ልጅ ነው፤ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኖ 19 ዓመት አገልግሏል፣ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ግብር ሰብሳቢ። ገንዘብ ያዥ ማለት እዚህ አገር ማን ግብር እንዳቆመ፣ የትኛው ጎዳና እየሞተ እንደሆነ ከሁሉ ቀድሞ በመዝገብ የሚያይ ሰው ነው። እሱና መሰሎቹ ጮኹ። ከተማዋም በ2002 ጎጂ ብድርን የሚከለክል የራሷን ደንብ አወጣች። የኦሃዮ ምክር ቤት ግን በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ብድርን መቆጣጠር የክፍለ ግዛቱ እንጂ የከተሞች ሥልጣን አይደለም አለ። ክርክሩ እስከ ኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2006 ከተማዋ ተረታች። ይህን ውሳኔ ባነበብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ቤት ሲቃጠል ውሃ ይዞ የመጣውን ጎረቤት «ባልዲህ ፈቃድ የለውም» ብሎ መመለስ ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት የተፈረሙት ብድሮች ናቸው በኋላ ኮምፔርሳቶ የመታሁባቸው።

በ2007 በካውንቲው 15,000 ገደማ የፎርክሎዠር ክሶች፣ ማለትም ብድሩ ያልተከፈለበትን ቤት ለመውረስ የሚቀርቡ ክሶች፣ ተከፈቱ። የስላቪክ ቪሌጅ የፖስታ ቁጥር፣ 44105፣ በፎርክሎዠር ብዛት ከመላው አሜሪካ ቀዳሚ ነው ተብሎ ተጻፈ። ጋዜጠኞች ከአውሮፓ ሳይቀር እየመጡ ፎቶ አነሱን። እኛም ፎቶ እናነሳ ነበር፣ ስለ እሱ ልናገር።

ሥራችን በፎቶ ነበር የሚቆጠረው። ከመንካትህ በፊት አንድ፣ እየሠራህ አንድ፣ ከጨረስክ በኋላ አንድ። ፎቶ ከሌለ ክፍያ የለም። ክረምት ሲገባ ቤቱን «ማከረም» የሚሉት ሥራ አለ። ውሃውን ከቆጣሪው ትዘጋለህ፣ የሞቀ ውሃ በርሜሉን ታፈሳለህ፣ በየቧንቧው ውስጥ የቀረውን በኮምፕሬሰር ትነፋዋለህ። ከዚያ ሮዝ ቀለም ያለውን በረዶ የማይሠራ ፈሳሽ በላቫንዲኖውና በሽንት ቤቱ ትጨምራለህ። በመጨረሻ ክዳኑን በፕላስተር አሽገህ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ትለጥፋለህ። ይህ ሁሉ በጊዜው ቢደረግ ቤት ይተርፋል። ትእዛዙ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰን ዘግይቶ ነው። የእማማ ጎረቤት ቤት ስንገባ ምድር ቤቱ እስከ ሁለተኛው ደረጃ ውሃ ሞልቶ ላዩ በረዶ ጋግሯል። ኩሽናው ግድግዳ ላይ ያለፈው ዓመት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ በኦገስት ወር ላይ አንድ ቀን በቀይ እስክሪብቶ ተከብቧል። የበሩ መቃን ላይ የልጆች ቁመት በእርሳስ ተለክቷል። ከፍተኛው መስመር ደረቴ ላይ ይደርሳል። አለቃዬ እዚያ መቃን ላይ ብሎን እንዳላስገባ በእጁ ከለከለኝና ቁልፉን በጓሮ በር በኩል ቀየርነው።

እኛ ከሄድን በኋላ ሌሎች ይመጣሉ። የመዳብ ዋጋ ንሮ ነበርና መጀመሪያ የሚሄደው ቧንቧው ነው፣ ከዚያ የሞቀ ውሃ በርሜሉ፣ ከዚያ የውጭ ግድግዳው ላይ ያለው የአልሙኒየም ልባስ። አዲስ አበባ ሳለሁ «ቁራሌው» እያለ የሚዞረውን ሰው ድምፅ እወደው ነበር፤ እዚህ በሌሊት የብረት ድምፅ ስሰማ ደነግጣለሁ። መዳቡ ሃምሳ ዶላር ቢያወጣ ነው። የሚጠፋው ግን ቤት ነው፣ ምክንያቱም ቧንቧ በሌለው ቤት ማንም አያበድርም።

እናቴ በስልክ ስለ ሥራዬ ስነግራት ሊገባት አልቻለም። «ሰው የማይኖርበት ቤት ካለ ለምን ለሌለው አይሰጡትም?» አለችኝ። እሷ አርባ ዓመት የኖረችው በቀበሌ ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ ጣሪያው በየክረምቱ የሚያፈስ፤ በእሷ ዓይን ባዶ ቤት ማለት ጥጋብ ነው። የምሰጣት መልስ ጠፋኝ። በኋላ ሳስበው፣ ከሹማምንቱ ብዙዎቹም የጠየቁት የእናቴን ጥያቄ ነበር። የሚሰጠው ሰው የለም፤ ለመስጠት መጀመሪያ የራስህ መሆን አለበት። የእነዚያ ቤቶች መከራም ይኸው ነበር።

ፍርድ ቤቶቹ ጋ ሲደረስ ይህ ገሀድ ወጣ። በ2007 ኦክቶበር 31 ቀን ክሊቭላንድ የሚያስችሉት የፌደራል ዳኛ ክሪስቶፈር ቦይኮ፣ ዶይቸ ባንክ ያቀረባቸውን 14 የፎርክሎዠር ክሶች ዘጉ። ባንኩ ክሱን ሲከፍት የብድሩ ውል የእሱ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አላቀረበም ነበር። ቤት ልውረስ ብሎ የመጣው ከሳሽ ራሱ ባለመብት መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አልያዘም ማለት ነው። ከተማዋ በጃንዋሪ 2008፣ በከንቲባ ፍራንክ ጃክሰን ዘመን፣ 21 ትልልቅ ባንኮችን ሕዝብን የሚያውክ ነገር ፈጥራችኋል ብላ ከሰሰች። ያ ክስ በ2009 ውድቅ ሆነ፣ በይግባኝም አልተሳካም። ብዙ አልቆይበትም፤ ይልቅ ልብ ብሎ መታየት ያለበት ትንሹ ችሎት ነው።

ክሊቭላንድ ከ1980 ጀምሮ ለቤት ጉዳይ ብቻ የቆመ ችሎት አላት። ከ1996 አንሥቶ በ2017 እስኪያርፉ ድረስ ዳኛው ሬመንድ ፒያንካ ነበሩ፣ እሳቸውም ቀድሞ የከተማው ምክር ቤት አባል። ችሎቱ የሚያየው ጥቃቅን የሚመስል ነገር ነው፦ የተሰበረ ደረጃ፣ ያልታጨደ ሣር፣ የወደቀ የጭስ ማውጫ። ከሳሽ ከተማው፣ ተከሳሽ የቤቱ ባለቤት። ባንኮችና የሩቅ ኩባንያዎች ግን መጥሪያ ቢላክላቸው አይቀርቡም። ፒያንካ በሌሉበት አስችለው ቅጣት ጣሉባቸው። በ2010 የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ኩባንያን በሌለበት መዳኘት አይፈቅድም አለ። እሳቸው ግን ሌላም መንገድ ነበራቸው፤ እጁን ያልታጠበ ከሳሽ አይሰማም የሚለውን የቆየ የፍትሕ መርህ አንሥተው፣ የከተማውን ክስ ሸሽቶ የተደበቀ ኩባንያ ወደዚሁ ችሎት መጥቶ ተከራይ አስወጡልኝ ማለት አይችልም አሉ። ተከራይ ለማስወጣት የፈለገ ብቅ ማለት ግድ ሆነበት። ይህ ዘዴ ከሁሉ ይበልጥ ይማርከኛል። ባለቤቱ ራሱ እንዲመጣ የሚያደርግ ነበር።

እኔ ያንን ችሎት ያየሁት ጋሼ የምለውን አንድ ያገሬን ሰው ይዤ ሄጄ ነው። በ2007 የፎርክሎዠር ደብዳቤ ሲደርሰው ኀፍረቱን አልቻለውም። ቁልፉን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ዘመድ ወዳለበት ኮሎምበስ ሄደ። ከሦስት ዓመት በኋላ መጥሪያ መጣበት። ጣሪያው ወድቋል፣ ጓሮው ጎማ ሞልቷል፣ ተከሳሹም አንተ ነህ። ነገሩ እንዲህ ነው። አበዳሪው ከሷል፣ ፍርድም አግኝቷል፣ ግን ቤቱ ዋጋው እንዳሽቆለቆለ ሲያይ ለሸሪፍ ጨረታ ሳያቀርበው ዝም ብሎ ተወው። ጨረታ ከሌለ የስም ዝውውር የለም። ቤቱ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በጋሼ ስም ነበር። እንዲህ የተተዉ ቤቶች በከተማዋ ብዙ ነበሩ።

ኮሪደሩ ላይ ቆመን ወረቀቱን ሳስረዳው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «ለልጆቼ ባንኩ ወሰደው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ እኮ» አለኝ በመጨረሻ። «የኔ ከሆነማ ለምን ወጣሁ?» የችሎቱ ሰዎች ጨዋ ነበሩ፤ ጊዜ ሰጡት፣ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚያስረዳ ሠራተኛም መደቡለት። ጥያቄውን ግን ማንም ሊመልስለት አልቻለም። አሁንም የሚመልስ የለም።

መፍትሔው የመጣው ከግብር መዝገቡ ነው፣ ዘርም የሆነችው ፍሊንት የምትባለው የሚሺጋን ከተማ ናት። ጄኔራል ሞተርስ የተወለደባት፣ ከዚያም አብዛኞቹን ፋብሪካዎቹን የዘጋባት። እዚያ ዳን ኪልዲ የሚባል የካውንቲ ገንዘብ ያዥ፣ የ1999ን የሚሺጋን የግብር ሕግ ተጠቅሞ አዲስ ነገር ጀመረ። ቀድሞ ግብር ያልተከፈለበት ቤት ዕዳው ለነጋዴ ይሸጥ ነበር፣ ነጋዴውም ያለማል ወይም ይተወዋል፣ ብዙውን ጊዜ ይተወዋል። በአዲሱ አሠራር ግብሩ በሦስት ዓመት ገደማ ካልተከፈለ ቤቱ በፍርድ ቤት በኩል በንጹሕ ካርታ ለካውንቲው ይገባል። ኪልዲ እነዚያን ቤቶች የሚረከብ የመሬት ባንክ አቋቋመ። ከጥሩዎቹ የሚያገኘውን መጥፎዎቹን ለማፍረስ አዋለው።

ሮካኪስ ይህን አይቶ ነው ወደ ኦሃዮ የተመለሰው። ቀድሞ በ2006 አንድ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ የተተወ ቤት የግብር ክስ በመደበኛ ፍርድ ቤት ዓመታት ከሚጓተት የካውንቲው ቦርድ በአጭሩ እንዲያየው የሚፈቅድ። በ2008 መጨረሻ ደግሞ እንደ ፍሊንቱ ያለ የመሬት ባንክ የሚፈቅድ ሕግ በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አለፈ። በ2009 የካያሆጋ ላንድ ባንክ ሥራ ጀመረ፣ ሕጉን በመንደፍ ትልቁን ድርሻ የያዘው ጠበቃ ጋስ ፍራንጎስም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ ሆነ። ገንዘቡ ከየት መጣ? ግብር ከዘገየባቸው ሰዎች ከሚሰበሰበው ቅጣትና ወለድ፣ በዓመት 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። የዘገየ ግብር ያመጣው ገንዘብ የተተወ ቤትን ችግር ይፈታል፤ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ያሰበው ነገር መሆኑ ያስታውቃል።

ቀጥሎ ያደረጉት ከባለቤቶቹ ሁሉ ትልቁን መያዝ ነበር። ፋኒ ሜ የሚባለው የመንግሥት ድጋፍ ያለው የቤት ብድር ተቋም በሺዎች የሚቆጠሩ የተወረሱ ቤቶች በእጁ ነበሩ። የማይረቡትን በጅምላ ለሩቅ ነጋዴ ይሸጣል፣ ነጋዴው በኢንተርኔት በጥቂት መቶ ዶላር ይቸበችባል፣ ገዢው ፍሎሪዳ ወይም ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ቤቱን አያየውም። በ2009 መጨረሻ ስምምነት ተደረሰ። ፋኒ ሜ ዋጋ ያጡትን ቤቶች ለላንድ ባንኩ በአንድ አንድ ዶላር ይሰጣል፣ ለማፍረሻም በየቤቱ እስከ 3,500 ዶላር ይጨምራል። አንድ ዶላር ሲባል ሰው ይገረማል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እማማ የሚደውሉለት ቢሮ ተገኘ።

ከዚያም በ2012 ከትልልቆቹ ባንኮች ጋር በተደረገው አገር አቀፍ ስምምነት ኦሃዮ ካገኘችው ገንዘብ 75 ሚሊዮን ዶላር ለማፍረስ ተመደበ። በኋላም የፌደራሉ የእርዳታ ገንዘብ ለዚሁ እንዲውል ተፈቀደ።

የእማማ ጎረቤት ቤት የፈረሰችው በ2011 ጸደይ ነው። እኔ ያኔ የአውቶቡስ ሾፌር ሆኜ ነበር፤ እማማ ደውለው ጠሩኝ። ኮምፔርሳቶዬ አሁንም መስኮቱ ላይ ነው፣ ዝናብ ጠጥቶ ጠቁሯል። ጋዙና ውሃው ከመንገድ ተቆርጧል፣ አስቤስቶስ እንዳለ ተመርምሯል። ኤክስካቫተሩ ከጣሪያው ጀመረ። አንድ ሰው አቧራ እንዳይነሳ በጎማ ውሃ ይረጫል። ከላይኛው ክፍል አረንጓዴ አበባ ያለበት የግድግዳ ወረቀት ታየና ተጣጠፈ። የመቶ ዓመት እንጨት ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ ጥይት ይመስላል። ከጠዋት ጀምሮ እስከ ከሰዓት አለቀ፤ ጉድጓዱን በንጹሕ አፈር ሞልተው ሣር ዘሩበት። እማማ እስኪያልቅ ወንበር አውጥተው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አዩ። አላለቀሱም። «የማን እንደነበረ ታውቃለህ?» አሉኝና አራት ቤተሰብ በስም በስም ቆጠሩልኝ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ።

በዚህ ጉዳይ ሰው ሁሉ እኔን አይመስልም። በጣም አፈረሱ የሚሉ አሉ፤ በተለይ ጥቁሮች በሚኖሩበት በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ጎዳና ሙሉ ሜዳ ሆኖ ሲታይ ልብ ይሰብራል፣ ቅሬታቸውም እውነት አለበት። ላንድ ባንኩም ሁሉንም አላፈረሰም። ሊድን የሚችለውን ለሚያድስ ሰው ይሸጣል፣ ግን ካርታውን አይሰጥም። ገዢው መጀመሪያ ጣሪያውን፣ መብራቱን፣ ቧንቧውን በደንቡ መሠረት ይሠራል፣ ተቆጣጣሪ ያያል፣ ከዚያ ስሙ ይዛወራል። እኔ ይህን ቀድመው በብዛት ቢያደርጉት ኖሮ እላለሁ። ነገር ግን የተነቀለ ቧንቧና የፈነዳ ምድር ቤት ያለበትን ቤት ውስጥ ገብቼ አይቻለሁና ማፍረስን የሚኮንን ሰው ሲናገር መጀመሪያ ስንት ቤት ውስጥ ገብተሃል ብዬ ልጠይቀው ያምረኛል። የጋሼም ቤት በመጨረሻ በግብር በኩል ወደ ላንድ ባንኩ ሄዶ ፈረሰ። ወረቀቱን በስልክ ሳነብለት «ስሜ ወጣ ማለት ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ።

እማማ ጎናቸው የቀረውን ቦታ ከከተማው በትንሽ ገንዘብ ገዙ። ለጎረቤት የሚሸጥበት አሠራር አለ። በመጀመሪያው በጋ ያሠሩት አጥር ነው። አጭር ነጭ አጥር፣ እስከ ወገብ።

እኔም በ2013 ከዚያ ጥቂት መንገድ ራቅ ብሎ ቤት ገዛሁ፣ በኋላም ከጎኔ የነበረውን ባዶ ቦታ ጨመርኩ። ጎመን ልዘራ መሬቱን ስቆፍር የድሮው ቤት ጡብ፣ የሰሃን ስባሪ፣ አንድ የመስታወት የበር እጀታ ወጣ። የድሮ ቀለም እርሳስ ስላለበት አፈሩን አስመርምር አሉኝ፤ አስመረመርኩና በእንጨት ሳጥን አዲስ አፈር አስገብቼ ዘራሁ። የበር እጀታው መስኮቴ ላይ ተቀምጧል።

በየስድስት ወሩ የዚያች ቦታ የግብር ወረቀት ከካውንቲው ይመጣል። ፖስታውን ስከፍት ከገንዘቡ መጠን በፊት የማየው አንድ መስመር አለ። ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ አድራሻዬ። ፊደሉ ሁሉ በቦታው መሆኑን አያለሁ፣ ከዚያ እከፍላለሁ።